የ500 ሐረጉን ዝርዝር ተዪውና ከስልኩ ጀምሪ

እህቴ፣ ሜሪላንድ ክሊኒክ ውስጥ ፍሮንት ዴስክ ሥራ አግኝተሽ ሰኞ ልትጀምሪ ነው። «ስለ ግንኙነት የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች» የሚል የ500 ሐረግ ዝርዝር ተልኮልሽ ከየቱ ልጀምር ነው ያልሽው። ከየትኛውም አትጀምሪ! እኔም ሆቴል ሪሴፕሽን ስገባ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሸጦልኛል። በፊደል ተራ የተደረደረ። ስልክ ላይ ማን በፊደል ተራ ያወራል?

1. የስልኮቹን ያዢ። «ሆልድ ኦን» እና «ሃንግ ኦን» ጠብቂ ነው፣ «ሃንግ አፕ» ግን መዝጋት። ድሮ የግድግዳ ስልክ ሲያበቃ መነጋገሪያው መንጠቆ ላይ ይሰቀል ስለነበር ነው። «ፑት ስሩ»ም ኦፕሬተሯ ገመድ እየሰካች ሰውን ከሰው ታገናኝ በነበረበት ዘመን የተለመደ ነው። ታካሚው «ካን ዩ ፑት ሚ ስሩ ቱ ቢሊንግ?» ካለሽ ወደ ሂሳብ ክፍል አዙሪኝ ማለቱ ነው። «ሚ» መሃል ትገባለች፣ መጨረሻ ላይ አታድርጊያት።

2. «ሂ ኢዝ ታይድ አፕ» ሲሉሽ አትደንግጪ። ሥራ ይዞታል ማለት ነው። አብራን የምትሠራ የጎንደር ልጅ ማናጀራችን ታይድ አፕ ነው ሲሏት ታስሯል መስሏት «ምን አጥፍቶ?» ብላ ሎቢውን በሙሉ አስቃለች።

3. «ዩ አር ብሬኪንግ አፕ»። ይቺን በደንብ ስሚኝ። ስለ ፍቅረኛሞች ከሆነ መለያየት ነው፣ ስልክ ላይ ግን ድምፅሽ ይቆራረጣል ማለት ነው። የእናቴን የጤና ካርድ ለማስተካከል አንድ ቢሮ እደውል ነበር። የምታነሳው ሴትዮ ገና ስሜንና አነጋገሬን ስትሰማ «ዩ አር ብሬኪንግ አፕ» ትልና ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ደግሜ ስደውልም ያው። ስልኬ ምንም አልሆነም፣ በዚያው ስልክ ከአገር ቤት ሰው ጋር እንኳ ጥርት አድርጌ አወራለሁ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ ልናገኝዎ ስላልቻልን ፋይሉ ተዘግቷል! እኔ ነኝ ያልተገኘሁት ወይስ እነሱ? እናቴ የዓይን ቀጠሮዋ አለፈባት፣ መድኃኒቷንም ከኪሳችን ገዛን። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በኋላ የማታ ፈረቃ ላይ ያለች ባልደረባዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰጠችኝ። ለዚያችው የቢሮ ሴትዮ ደወልኩና ከሰላምታ ቀጥዬ፣ ጉዳዬን ሳልናገር፣ «ኢን ኬስ ዊ ጌት ካት ኦፍ፣ ሜይ አይ ሃቭ ዩር ኔም?» አልኳት። መስመሩ ድንገት ቢቋረጥ ስምሽን ልያዝ ማለት ነው። ዝም አለች። ከዚያ ስሟን ነገረችኝ። ያ ሲቆራረጥ የነበረ መስመር ወዲያው ጥርት አለ! ፋይሉም ተከፈተ። አሁን ሆቴላችን ለሚገቡ አዳዲስ ልጆች ስልክ አያያዝ የማሳየው እኔ ነኝ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉትን ጨምሮ።

አንቺ ግን አሁን በወዲያኛው ወንበር ነው የምትቀመጪው። አነጋገሩ ከበድ ያለ ሰው ሲደውል «ሌት ሚ ኮል ዩ ባክ»፣ ማለትም መልሼ ልደውልልዎት፣ በይና፣ ቁጥሩን ተቀብለሽ፣ የምርሽን ደውዪለት። እውነትም ሲቋረጥ ደግሞ «ዊ ጎት ካት ኦፍ» ብለሽ ትቀጥያለሽ።

«ሁክ አፕ»ን ተጠንቀቂ። ነርሶቹ ታካሚው «ሁክድ አፕ ቱ ኤ ሞኒተር» ነው ቢሉ ከማሽን ጋር ተያይዟል ማለት ነው፣ ችግር የለውም። «ቱ» ቀርታ «ዊዝ» ከመጣችና ከኋላዋ ሰው ከተከተለ ግን ነገሩ የአልጋ ነው የሚመስለው። ስለዚህ «ከዶክተሩ ጋር ሁክ አፕ ላድርግዎት» የሚባል ነገር እንዳይሰማ! «ኮኔክት» በይና ተገላገዪ።

የኢሜይሎቹ ቀላል ናቸው። «ሪች አውት»ም «ተች ቤዝ»ም ያው አነጋግሪ ነው፣ ሰው ማካበድ ስለሚወድ ነው እንጂ። «ሉፕ ሄር ኢን» ካሉሽ እሷንም መልእክቱ ውስጥ አስገቢያት። «ፑል ስትሪንግስ»፣ ማለትም በሰው በሰው ጉዳይ ማስጨረስ፣ ስልክሽ ላይ እምብዛም አይመጣም፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ያልገባሽ ሲያጋጥምሽ በአማርኛ ፊደል እንደሰማሽው ጫሪውና እዚህ ለጥፊው። ስፔሊንግ ፍለጋ ስትቆዪ ድምፁ ከጆሮሽ ይጠፋል።