ስለ ግራ መታጠፊያው መብራትና ስለ 50 ዶላሩ ቅጣት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ንጋት ላይ ተሳፋሪ ይዘሽ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሄጂ የግራ መታጠፊያው ቀስት ተራሽን እየዘለለ እንደሚያስቆምሽ፣ በዚያው መስቀለኛ መንገድ ላይም ቢጫው አጭር ሆኖብሽ የ50 ዶላር የካሜራ ቅጣት እንደ ደረሰሽ ጽፈሻል፤ «ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልከራከር?» ብለሽም ጠይቀሻል። ከመክፈልሽ በፊት ይህን አንብቢ። እኔም ለብዙ ዓመታት በሰሜን ቨርጂኒያ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንቺው ዓይነት መብራት አስመርሮኝ፣ የካሜራ ቅጣትም ደርሶኝ ነገሩን እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ ተሳክቶልኛልም። ከመላሾቹ አንዳንዶቹ «ዕድል ነው» ሲሉ ሌሎቹ «ገንዘብ ለመሰብሰብ ሆን ብለው ነው» ብለውሻል። ሁለቱም መልሶች ዳኛ ፊት አይረዱሽም። መብራቱ በተጻፈ የጊዜ ሰሌዳ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ ጠይቀሽ ልታገኚው ትችያለሽ። ክርክርሽን በዚያ ሰነድ ላይ አቁሚው።

1. መጀመሪያ መብራቱ አንቺን እያየሽ መሆኑን አረጋግጪ። መኪና በሚያንስበት ሰዓት ብዙዎቹ መብራቶች ለዋናው መንገድ አረንጓዴ ይዘው ይቆያሉ፤ ለግራ መታጠፊያው ተራ የሚሰጡት ጠቋሚው መኪና መኖሩን ሲነግራቸው ብቻ ነው። ጠቋሚው አንዳንድ ቦታ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ነው፤ በሌላ ቦታ ደግሞ አስፋልት ተቆርጦ የተቀበረ የሽቦ ቀለበት ሲሆን፣ ከማቆሚያው መስመር ኋላ በጥቁር ማሸጊያ የተደፈነ የመቁረጫው ምልክት በዓይን ይታያል። ሽቦው የሚሰማው የመኪናውን ብረት እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ የፊት መብራት ማብለጭለጭም ምንም አይጨምርም። መስመሩን አልፎ የቆመ ወይም በጣም ወደ ኋላ ቀርቶ የቆመ ሹፌር ለዚህ መሣሪያ እንደሌለ ይቆጠራል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መብራቶቹ ለዋናው መንገድ ተናበው ስለሚሠሩ ተራሽ ጥቂት ካለፈ በኋላ ከደረስሽ ሙሉ ዙር፣ ማለትም መብራቱ ለሁሉም አቅጣጫ ተራ ሰጥቶ እስኪመለስ፣ መጠበቅሽ ብልሽት አይባልም። አንቺ የጻፍሽው ግን ንጋት ላይ፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ዙር በላይ ስለ መዘለል ስለሆነ የገጠመሽ እኔን የገጠመኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

2. ስለዚህ አስፋልቱን ተመልከቺ። መንገድ ሲታደስ የድሮው አስፋልት በማሽን ተፍቆ ይነሣል፤ የተቀበረው ሽቦም አብሮ ይቆረጣል። አዲስ ሽቦ እስኪቀበር ድረስ የመብራቱ መቆጣጠሪያ ለዚያ መስመር መኪና ኖረም አልኖረም በየዙሩ ተራ እንዲሰጥ መታዘዝ አለበት። ይህ ትእዛዝ ከተረሳ መስመሩ ይዘለላል። በእኔ መንገድ የሆነው ይኸው ነበር፤ አስፋልቱ አዲስ፣ ጥቁርና ልሙጥ ሆኖ የመቁረጫ ምልክት አንድም አልነበረበትም። «ስማርት መብራት ተገጥሟል» መባሉም አያሳምንሽ። እንደ ትራፊኩ መጠን ራሳቸውን የሚያስተካክሉት የመብራት ሥርዓቶች፣ በሲድኒ የተሠራው ስካትስም ሆነ የእንግሊዞቹ ስኩት፣ ከ2012 ጀምሮ በፒትስበርግ የተሞከረው ሱርትራክም ጭምር፣ የአረንጓዴውን ርዝመት የሚወስኑት ከጠቋሚ በሚደርሳቸው መረጃ ነው፤ ጠቋሚው ከሞተ ሥርዓቱ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን መኪናሽን አያውቀውም።

3. ትክክለኛውን ቢሮ ፈልጊ። እኔ የተንገላታሁት እዚህ ላይ ነው። በፌርፋክስና በላውደን ካውንቲዎች አብዛኛውን መብራት የሚያስተዳድረው የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ግን የየራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቅጣቱን ወደ ላከልኝ ቢሮ ሥራዬን ትቼ ሄድኩና የቢጫውን ርዝመት የሚወስነው ማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቅሁ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ካሜራ አይዋሽም፤ ክፈል» አለችኝ። ወደ ፖሊስ ላኩኝ፤ ፖሊሱ ካሜራውን ወደሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ላከኝ፤ የድርጅቱ ስልክ የሚያስተናግደው ክፍያን ብቻ ነበር። ተመልሼ ስሄድ ሌላ ሠራተኛ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘህ ና» አለኝ። ጥያቄዬን ያቀረብኩት በጠራ እንግሊዝኛ ነበር። እኔ በአገሬ ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ መምህር ነኝ፤ ፍጥነትን በጊዜ ማባዛት የሚያስተምረኝ አልፈልግም ነበር፤ የፈለግሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ ምልልስ የቀረብኝ ገቢ ከቅጣቱ በልጧል፤ ብዙዎቻችን ዝም ብለን የምንከፍለውም ይህን አስልተን ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ኑሮውን በመሪው ላይ የመሠረተ ሰው የሚቀጣበትን መለኪያ የማወቅ መብት አለው።

ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ መቆም አቆምኩና በጽሑፍ ጠየቅሁ። አንቺም ከዚህ ጀምሪ። በቨርጂኒያ የመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልበቃው ምክንያቱን ጽፎ 7 የሥራ ቀናት መጨመር ይችላል። ለሰነድ ፍለጋው ተገቢ የሆነ ክፍያ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድሞ ግምቱን እንዲያሳውቅሽ ጻፊ። የምትጠይቂውን ለይተሽ አስቀምጪ፤ የመስቀለኛውን መንገድ የጊዜ ሰሌዳ፣ ቅጣቱ በተጻፈበት ቀን የነበረውን የቢጫ ርዝመትና ሁሉም አቅጣጫ አንድ ላይ ቀይ የሚሆንበትን ጊዜ፣ እንዲሁም ጠቋሚው የተጠገነበትን የሥራ ትእዛዝ። «መብራቱ ተበላሽቷል» ብቻ ብለሽ አትጻፊ፤ የመጣሽበትን አቅጣጫ፣ የቆምሽበትን መስመር፣ ሰዓቱንና የተዘለልሽበትን ዙር ግለጪ፤ የዳሽ ካም (የመኪና ውስጥ ካሜራ) ቪዲዮ ካለሽ እሱንም አያይዢ። ለእኔ የደወለልኝ የመብራት መሐንዲስ ጨዋ ሰው ነበር፤ ቪዲዮውን አይቶ ሥፍራው ድረስ ሄደ፤ የግራው መስመር ጠቋሚ ከእድሳቱ ወዲህ እንዳልተተካ አረጋገጠና ቀስቱ በየዙሩ እንዲመጣ አደረገ። አሁን በዚያ መስቀለኛ መንገድ የሚታጠፍ ሁሉ ተራውን ያገኛል፤ በዚህም እኮራለሁ።

4. ስለ ቢጫው። የፌዴራሉ የትራፊክ መብራት መመሪያ ቢጫ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ እንዲሆን ይላል። ርዝመቱን ለማስላት በሰፊው የሚሠራበት ቀመር በ1960 በጄነራል ሞተርስ ተመራማሪዎች በጋዚስ፣ በኸርማንና በማራዱዲን ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው፤ 1 ሰከንድ ለመወሰን፣ የቀረው ደግሞ ፍሬን ለመያዝ ይሰጣል። በሜዳ ላይ በሰዓት 35 ማይል ለሚሄድ መኪና 3.6 ሰከንድ ገደማ፣ በ45 ማይል ደግሞ 4.3 ሰከንድ ይደርሳል። ለታጣፊ ግን ቀመሩ ጉድለት አለበት፤ ቀጥ ብሎ የሚያልፈውን እንጂ ለመታጠፍ ፍጥነቱን የሚቀንሰውን አያስብም። ይህን በሰፊው ያሳወቀው በኦሪገን ነዋሪ የሆነው ማትስ የርልስትሮም ነው፤ በ2013 ባለቤቱ የካሜራ ቅጣት ሲደርሳት ስሌቱን መረመረ፤ የስቴቱ የመሐንዲሶች ቦርድ ያለ ፈቃድ ራሱን መሐንዲስ ብሏል ብሎ 500 ዶላር ቀጣው፤ እሱም ቦርዱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከስሶ ረታ። በ2020 የትራንስፖርት መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት ለታጣፊዎች የሚሆን የተሻሻለ ቀመር በራሱ መመሪያ አካተተ። የክፍልፋይ ሰከንድን ነገር ቀላል አድርገሽ አትዪው፤ በቺካጎ በ2014 የከተማው ዋና ተቆጣጣሪ እንዳረጋገጠው፣ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ቢጫ ወደ 77,000 የሚሆኑ ቅጣቶች ተልከው ከተማዪቱ 7.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል አግኝታለች።

ስለዚህ በቅጣቱ ወረቀት ላይ የታተመውን የቢጫ ርዝመትና የደረሰሽን የጊዜ ሰሌዳ አስተያዪ። የእኔዎቹ አልተስማሙም ነበር፤ ዳኛው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አይተው ክሱን ዘጉት። ደግሞም በቨርጂኒያ ሕግ ካሜራው መመዝገብ ያለበት ከቀዩ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ካለፈ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ምልክትም በመስቀለኛው 500 ጫማ ርቀት ውስጥ መኖር አለበት። ቅጣቱ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ በመንጃ ፈቃድሽ ላይ ነጥብ አያስይዝም፤ ኢንሹራንስሽንም አያስጨምርም፤ ስለዚህ ተከራክረሽ ብትሸነፊ እንኳ ከዚህ የከፋ ነገር ይመጣብኛል ብለሽ አትፍሪ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተመሳሳዩ ቅጣት 150 ዶላር ስለሆነና ደንቡም ስለሚለይ የእኔን ምክር እዚያ እንዳለ አትውሰጂው። የመልስ መስጫውን ቀን ግን በምንም ምክንያት አታሳልፊ፤ ሰነዱ ካልደረሰሽ በቀኑ ቀርበሽ ቀጠሮ እንዲራዘምልሽ ጠይቂ።

መስቀለኛው የትኛው እንደሆነ፣ አስፋልቱ በቅርቡ ታድሶ እንደሆነና ወረቀቱ ላይ የታተመው የቢጫ ርዝመት ስንት እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የራስሽንና የመኪናሽን ቁጥር ግን አታስገቢ። የእኔን የጥያቄ ደብዳቤ ስላስቀመጥኩት ቀኑንና ቦታውን ለውጠን ያንቺን አብረን እናዘጋጃለን።