መልስ፦ ኮከብ ሳይነካ ከምን እንደተሠራ በምን ይታወቃል?

«ማንም ሳይደርስበት ኮከብ ከምን እንደተሠራ በምን አወቁ?» ላልከው፤ እኔም ጅማ ተማሪ ሳለሁ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር።

ምስጢሩ ያለው ብርሃኑ ውስጥ ነው። የኮከቡ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ መሃል መሃሉ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት፤ የጣት አሻራ በለው። በእነሱ ከዋክብት ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም ተብለው ተመደቡ። ፀሐያችን ጂ ናት፤ የገጿ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። 8.6 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ8.6 ዓመት የሚጓዘውን ያህል) የምትርቀው ሲሪየስ የተባለችው ኮከብ ምድቧ ኤ ነው። ከፀሐይ ቀጥላ ከሁሉም የምትቀርበን ኮከብ ፕሮክሲማ ደግሞ ኤም፤ ጎረቤት ሆና በዓይን አትታይም!

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የሃይድሮጅን መስመር ሲሪየስ ላይ ከፀሐይ ይልቅ ይጎላል። ሃይድሮጅን ስለበዛባት እንዳይመስልህ፣ የሙቀት ጉዳይ ነው። ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን በ1925 እ.ኤ.አ. ስታሳይ ሌሎች ሳይንቲስቶች መጀመሪያ አልተቀበሏትም።

ግንቦት ላይ የጅማ ደመና ፋታ ከሰጠህ፣ ማታ ወደ ደቡብ ዝቅ አድርገህ እይ። አልፋ ሴንታውሪን ታገኛታለህ፤ በዓይን አንድ ብትመስልም ከአንድ በላይ ከዋክብት ናት፤ ከውስጧ ዋናዋ ኮከብ እንደ ፀሐያችን ጂ ናት።