ፍልስፍና ልትማሩ ለገባችሁ ልጆቼ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ለእረፍት ደሴ መጥታ ነበር። ዲፓርትመንት ስትመርጥ ፍልስፍና ደርሷታል። "ጋሼ፣ ሲምቦሊክ ሎጂክን ወደ መጨረሻው ዓመት ባሻግረው ምን ይለኛል? ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ወስጄ የለ!" አለችኝ። ሙግትን እንደ ሒሳብ በምልክት የሚሠራውን ኮርስ ማለቷ ነው። ለእሷ ቀላል ጥያቄ ነው። እኔን ግን አንድ የዋድላ ልጅ አስታወሰችኝ፤ እንቅልፌንም ነሳችኝ።

ይህ ጓደኛዬ ዘመናዊ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቅኔ ቤት የዋለ ነው። የዋድላ ቅኔ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር አብሮ የሚጠራ ነው፤ እሱም አገሩን አያሳፍርም። ካፌ ተሰልፈን ወጡ እስኪደርሰን ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ይዘርፍ ነበር። ግዕዝ የማንችለው ጓደኞቹ አፋችንን ከፍተን እናየዋለን፣ ከዚያ ይተረጉምልናል፣ ከዚያ ወጡ ያልቃል።

አንድ ቀን የሎጂክ መምህራችን ስለ አሻሚ ቃል እያስተማሩ ነበር። ሲሎጂዝም፣ ማለትም ከሁለት መነሻ አንድ መደምደሚያ የሚወጣበት ሙግት፣ ሦስት ቃላት ብቻ ሊኖሩት ይገባል። አንዱ ቃል መሃል ላይ ትርጉሙን ከቀየረ ቃላቱ አራት ይሆኑና ሙግቱ ይፈርሳል። ጓደኛዬ እጁን አወጣ።

"ገና በዓል ነው። ምሳችን ገና ነው። ስለዚህ ምሳችን በዓል ነው። እንዲህ ማለትዎ ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስድስት ሰዓት አልፎ ሁላችንም ርቦናል። እሱ ግን አልሳቀም። "አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ እዚህ ስህተት የምትሉት እኛ ቅኔ ቤት ኅብር ይባላል፤ ይህን የቻለ ነው የሚወደስ። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?" አለ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና "ይህን መልሰህ ለእኔም አስረዳኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፍህ ይሁን" አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። አሻሚነት መቼ ጥፋት፣ መቼ ጥበብ ይሆናል? ይህን ለመጻፍ የቋንቋ ፍልስፍና የሚባለው ኮርስ ያስፈልገው ነበር። ኮርሱ ደግሞ የሚከፈተው በየሁለት ዓመቱ ነው። ያንን የነገረን ሰው የለም። አድቫይዘራችን ምዝገባ ሲደርስ ቅጹን ከነካርቦኑ ይቀበላሉ፣ ቀና ሳይሉ ይፈርማሉ፣ "ቀጣይ!" ይላሉ። ጓደኛዬ በዚያ ሴሚስተር ሁለት የፖለቲካ ፍልስፍና ኮርስ ተሞላለት። በዓመቱ የቋንቋውን ሲፈልግ የለም፤ ሲከፈት እሱ ተመርቋል። ዘመኑ የዲያሌክቲክስ፣ የማርክሲስቶቹ የለውጥ ትምህርት፣ ነበርና የመጠን ለውጥ ወደ ዓይነት ለውጥ ስለሚሸጋገርበት ሕግ ጽፎ ኤ አገኘ። ስለዚያ ኤ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

መምህር ሆኖ ብዙ አገር ዞረ። በተገናኘን ቁጥር "ያ ጽሑፍስ?" እለዋለሁ። "ገና ነው" ይለኛል። ሁለታችንም እንስቃለን። አሁን እሱም የለም፣ ጽሑፉም የለም።

ለልጅቷ እንግዲህ ያልኳት ይህ ነው። ሎጂክና ቋንቋ ቀድመው ይወሰዱ። ፍሬሽማን ላይ ሁሉም የሚወስደው ሎጂክ በሩን ማንኳኳት ነው። ሲምቦሊኩ ሳይገባችሁ የዘመናዊ ሎጂክ አባቶች ፍሬጌና ራስል ዘንድ ብትደርሱ ገጹን ታያላችሁ እንጂ አታነቡም። ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ሳርተርን ግን በደሴ ብርድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁም ታነቡታላችሁ፤ መምህር አያስፈልገውም። (የፍልስፍና መምህራን ይህን ሲያነቡ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።) የትኛው ኮርስ በየስንት ጊዜው እንደሚከፈት ዲፓርትመንት ሄዳችሁ ጠይቁ። አድቫይዘር ፊርማ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ አድርጋችሁ አስወሩት።

በእርግጥ እኔ ራሴ ከወሰድኳቸው ሁሉ የወደድኩት ያላቀድኩትን ነው። የፈለግሁት ኮርስ ሰዓቱ ከሌላ ጋር ተጋጨብኝና የመካከለኛው ዘመን ፍልስፍና ውስጥ ተወሸቅሁ። የእስልምናው ሊቅ አልጋዛሊ ፈላስፎችን ሲተች፣ ሌላው ሙስሊም ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ቆይቶ ያንኑ ትችት ሲተች አየሁ። ለክረምት ደሴ ስመለስ ይህን አዲስ ግኝት ለአንድ ሰፈራችን ለነበሩ ሼህ ልተርክላቸው ሄድኩ። ሼሁ ፈገግ ብለው አዳመጡኝ። አልጋዛሊን ከእኔ አባት መወለድ በፊት ጀምረው ያውቁት ኖሯል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የወሎ ልጅ ሆኖ ቅኔ ቤቱንም መስጊዱንም ዘሎ ፍልስፍናን ከአቴንስ ብቻ የሚጀምር ሰው ይገርመኛል።

የኢትዮጵያ ፍልስፍና ኮርስ ካገኛችሁ ውሰዱ፤ ለማጨብጨብ ግን አይሁን። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ነው የሚባለውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ፣ ማለትም የፍልስፍና ድርሰት፣ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ በ1920 እ.ኤ.አ. "ደራሲው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚስዮናዊ ነው" ብሎ ተከራክሯል። ካናዳዊው ምሁር ክላውድ ሰምነር ደግሞ ዕድሜውን አፍስሶ የዘርዓ ያዕቆብ መሆኑን ሞግቷል። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ወገን ሳትይዙ በፊት የሁለቱንም ማስረጃ አንብቡ፤ ግዕዝ የምትችሉ ደግሞ ጽሑፉን ራሱን።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ውስጥ በቴሌግራም የተጫነ ፒዲኤፍ መዓት ነው። የተከፈተው ስንቱ ነው? ሾርት ኖት አጥንቶ ጀርመናዊውን ፈላስፋ ካንትን አለፍኩ የሚል ተማሪ ገጥሞኛል፤ ካንት ግን እሱን አላለፈውም። በእኛ ጊዜ አንዱን መጽሐፍ ተራ ይዘን ነበር የምናነበው። ዕድሉን ብናገኝ እኛም እንደናንተው እንጭን ነበር መሰለኝ።

"በፍልስፍና ምን ትበላለህ?" ለሚሏችሁ ዘመዶች መልስ አልሰጥም፤ እኔን ጠይቀውኝ ጠይቀውኝ ደክሟቸዋል። ማይነር፣ ማለትም ከዋናው ጎን የሚያዝ ሁለተኛ ትምህርት፣ መምረጥ የሚፈቀድላችሁ ግን ሒሳብ ያዙ። ሒሳብ የምትፈሩ ሊንጉስቲክስ፣ የቋንቋ ሳይንስ። ሁለቱንም የምትፈሩ ካላችሁ ደሴ ስትመጡ ቤት ብቅ በሉ፣ ቡና እየጠጣን እንነጋገርበታለን።