በዓባይ ሸለቆ ስለሚታዩ የድንጋይ ንብርብሮች፦ ጥያቄና መልስ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ በመንገዱ ዳር ስለሚታዩት ንብርብሮች ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አራቱን እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ይህን ያህል በራቀ ደጋ የባሕር ድንጋይ እንዴት ተገኘ?

መልስ፦ በጁራሲክ ዘመን (ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ባሕሩ በኦጋዴን በኩል ወደ መሀል አገር ዘልቆ ስለ ነበር ነው። የኖራ ድንጋዩን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የዛጎል ቅሪት ያገኝበታል። ደጋው ከፍ ያለው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው።

ጥያቄ፦ ከኖራ ድንጋዩ በታች ያለው ነጭ ድንጋይም ኖራ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ጂፕሰም ነው። ጂፕሰም በጥፍር ይጫራል፤ የኖራ ድንጋይ ግን በጥፍር አይጫርም፣ የቀጠነ አሲድ ጠብ ሲደረግበትም አረፋ ያወጣል። ጂፕሰም የሚጋገረው ጥልቀት የሌለውና መውጫው የተዘጋ የባሕር ውኃ በሙቀት ሲተን ስለሆነ፣ ባሕሩ መጀመሪያ ላይ ገባ ወጣ ይል እንደ ነበር፣ ኖራው በተከማቸበት ጊዜ ግን ተደላድሎ እንደ ተኛ እንረዳለን።

ጥያቄ፦ በላይ ያለው ጥቁር ባዛልት (ቅልጥ ድንጋይ ፈስሶ የቀዘቀዘበት) የፈሰሰው በዚያው ባሕር ውስጥ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ብዙዎች ግን እንዲህ ያስባሉ፤ ድንጋዮቹ ተደራርበው ስለሚታዩ ስሕተቱ አይገርምም። በውኃ ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ገጹ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ፣ እንደ ትራስ የተደራረቡ ድቡልቡል ቅርጾች ይሠራል። በደጋው ባዛልት ውስጥ ግን በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ቀይ አፈር ተጋድሞ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህም የታችኛው ፍሰት በየብስ ላይ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት እስኪበሰብስ ድረስ ጊዜ እንዳገኘ ያስረዳል። የኖራ ድንጋዩ ዕድሜ ከ150 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ሲሆን የባዛልቱ ግን ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በሙገርና በደብረ ሊባኖስ በኩል በሁለቱ መካከል ጭቃማና አሸዋማ ድንጋይ ቢገኝም፣ እርሱም የጊዜ ክፍተቱን በሙሉ አይሸፍነውም።

ጥያቄ፦ በደለል ድንጋይ (አሸዋ፣ ጭቃና የመሳሰሉት ተከማችተው በጠነከሩበት) መካከል ጥቁር የባዛልት ንብርብር ባይ፣ ላዩ ላይ ፈስሶ በኋላ የተቀበረ ነው ወይስ ከሥር ሰርጎ የገባ?

መልስ፦ የላይኛውን መጋጠሚያ ይመርምሩ። ከሥር የገባ ከሆነ በላዩ ያለውን ድንጋይም ስለሚያቃጥለው መጋጠሚያው ጠንክሮና ቀለሙን ለውጦ ይገኛል። ፈስሶ የተቀበረ ከሆነ ግን የተቃጠለው የታችኛው ብቻ ነው፤ የፍሰቱም አናት በጋዝ አረፋ የተበሳሳ ይሆናል፣ ስብርባሪውም በላዩ በተኛው ደለል ውስጥ ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ከባድ መኪና በሚወርድበት መታጠፊያ ላይ ቆመው ግን ይህን አይሞክሩ።