«መንገደኛ አይገደድም» የሚለው ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በመሥሪያ ቤቴ በኩል ለሥልጠና ሦስት ሳምንት ጀርመን ቆይቼ ነበር። ወቅቱ ሑዳዴ ነው። የሆቴሉ ቁርስ አይብ፣ እንቁላልና ሥጋ ነው። ምሳም ከሠልጣኞቹ ጋር በአንድነት ስለሆነ የጾም ምግብ ማግኘት አልቻልኩም። መጀመሪያ በዳቦ ታገልኩ። ኋላ ግን አብራኝ የሄደች እኅት «መንገደኛ አይገደድም፤ ጌታም ያቀረቡላችሁን ብሉ ብሏል» ስትለኝ ወተትና እንቁላል በላሁ። አሁን ደግሞ በፍልሰታ ወደ ህንድ ልሄድ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን በሰላም ተመለስሽ። «በዳቦ ታገልኩ» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቁም። ዳቦ ነበረ ማለት ነዋ! ከዳቦው አጠገብ ማርማላታ፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ፖም እንደነበረም እገምታለሁ። ማታ ደግሞ የተቀቀለ ድንች በጀርመን አይጠፋም።

«የጾም ምግብ አጣሁ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምን እንዳጡ ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ ያጡት ሽሮውንና በያይነቱን ነው። ትኩስ፣ ቅመም የገባበት፣ ጠግበው የሚነሡበት ገበታ። እሱን ማጣት ይከብዳል፤ አልክድም። ቤተ ክርስቲያን ግን ከጥሉላት ተከልከሉ አለች እንጂ በምትኩ የሚጣፍጥ ነገር ይቀርብላችኋል አላለችም። እንዲያውም የሀገራችን የጾም ወጥ ስለሚጣፍጥ ትንሽ የተሞላቀቅን ይመስለኛል።

ዳንኤል በባቢሎን የሰው ሀገር ሰው ነበር። ያውም ምርኮኛ። የንጉሡ ማዕድ በየቀኑ ይቀርብለታል። እሱ የለመነው ጥራጥሬና ውኃ ነው (ዳን. 1፥12)። ደግሞም በትሕትና ለመነ እንጂ ገበታውን አልረገመም፤ አብረውት የሚበሉትንም አላሸማቀቀም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ቃል ልምጣ። «መንገደኛ አይገደድም» የሚለውን ዱባይና ጓንጁ ለንግድ ከሚመላለሱ ምእመናን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! በእስልምና በረመዳን ለመንገደኛ ቀኑን በሌላ ጊዜ እንዲተካ ፈቃድ አለው። ከጎረቤቶቻችን ጋር አብረን ስለምንኖር ሳናስተውል የወሰድነው ይመስለኛል። በእኛ ሥርዓት ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከሐዋርያት በተላለፈው ቀኖና ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን ላለመጾም ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው ሕመም ነው። ሻንጣ መያዝ አልተጠቀሰም።

«ያቀረቡላችሁን ብሉ» የሚለውስ? ቃሉ አለ፤ ሉቃ. 10፥8 ላይ። ግን ለማን ተባለ? መቼ ተባለ? ጌታ አርድእቱን ያለ ኮረጆና ያለ ከረጢት ሲልካቸው፣ ቤት እያማረጡ እንዳይዞሩ የተናገረው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ገና ከእነርሱ ጋር ነበረ። ሙሽራው አብሯቸው ሳለ ሚዜዎቹ ሊያዝኑ እንደማይገባ፣ ሲወሰድባቸው ግን እንደሚጾሙ ራሱ ተናግሯል (ማቴ. 9፥15)። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ሳያነቡ በአንዱ ብቻ ጾም መፍታት ለጥቅስም አይመችም።

ይልቅ ስለ መንገድና ስለ ጾም ማንበብ የሚፈልግ ሰው ዕዝራ 8፥21ን ይክፈት። ዕዝራ ሕዝቡን ይዞ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሊነሣ ነው። ሴቶች አሉ፣ ሕፃናት አሉ፣ ወርቅና ብር ተሸክመዋል፤ በመንገዱም ጠላት አለ። ንጉሡን ጭፍራ ስጠን እንዳይል፣ አስቀድሞ የአምላካችን እጅ ከእኛ ጋር ናት ብሎት ስለነበር አፈረ። ስለዚህ በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ምን አወጀ? ጾም! የቀናውን መንገድ ለመለመን። እኛ ጾሙን የምናወርደው መንገድ ስለወጣን ነው፤ እነሱ የጾሙት መንገድ ሊወጡ ስለሆነ ነው።

ይህን ሁሉ ስል አንዲት ልጅ ትታወሰኛለች። ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት። የሚሰጣት ምግብ አሠሪዋ ያበሰለችው ሩዝ ነው፤ ሩዙ የሚበስለው በዶሮ መረቅ ነው። ወጥታ መግዛት አትችልም፤ የራሷ ምድጃም የላትም። ዶሮውን ወደ ዳር ገፍታ፣ ሩዙን በልታ፣ «መምህር፣ ጾሜ ተገደፈ ወይ?» እያለች በስልክ ታለቅሳለች። ለእሷ የሰጠኋት መልስ ለአንቺ ከምሰጠው ይለያል። እግዚአብሔር ሰውን እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን አይጠይቀውም (2ኛ ቆሮ. 8፥12)። የተቻለሽን ተይ፣ ያልተቻለሽን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፣ በልተሽ ሥሪ አልኳት። የሚገርመኝ፣ ምርጫ የሌላት ስታለቅስ ሃያ ዓይነት ምግብ የተደረደረለት ሰው ቀድሞ እጅ መስጠቱ ነው። ይህን የምለው አንቺን ለማሳቀቅ አይደለም። ግን በየትኛው ወገን እንዳለሽ እወቂ።

በጾም ሰበብ መዋሸትም አለ። «ሐኪም ወተት ከልክሎኛል» ይላሉ። ምን አስዋሸሽ? ዛሬ አውሮፓ ውስጥ «ቪጋን ነኝ»፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ምንም አልበላም፣ የሚል ሰው በየቢሮው አለ፤ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። «የቤተ ክርስቲያናችን ጾም ነው» ማለትም ግብዝነት አይደለም። ጌታ በስውር ጹሙ ያለው ለታይታ እንዳይሆን ነው እንጂ፣ እንዳይታወቅብሽ ብለሽ እንቁላሉን እንድትበዪ አይደለም። የታሸገ ነገር ስትገዢም የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ወተትና እንቁላል በዝርዝሩ ላይ ጎላ ብለው እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ ቋንቋውን ባታውቂ እንኳ እነዚያን ሁለት ቃላት ማጥናት አያቅትም። ሳታውቂ ቅቤ ያለበት ከበላሽ ደግሞ «አንዴ ተገድፏል» ብለሽ የቀረውን ቀን አትልቀቂው። አቁመሽ ቀጥዪ።

የህንዱ ጉዞሽ ቀላል ይመስላል፤ ወጥመድ ግን አለው። እዚያ ቬጀቴሪያን ሲባል ወተትና ቅቤን ይጨምራል። በታሸገ ምግብ ላይ የምታዪው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው እንጂ የጾም ነው ማለት አይደለም። ፓኒር የሚሉት አይብ ነው። ጊ ደግሞ የተነጠረ ቅቤ ነው፤ ዳል በሚሉት ምስር ወጥ ላይ አናቱ ላይ ጠብ ያደርጉታል። «ያለ ጊ፣ በዘይት» በያቸው። ናን ብዙ ጊዜ እርጎ ይገባበታል፤ ቻፓቲ ግን ዱቄትና ውኃ ነው፣ ቅቤ እንዳይቀቡት ብቻ ንገሪያቸው። ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ የሚጋገረውን ዶሳን ሳትወጂው አትቀሪም። በአውሮፕላንም «ቪጂኤምኤል» (VGML) የሚለውን የቪጋን ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እዘዢ፤ የእስያ ቬጀቴሪያን የሚለው ወተት ሊኖርበት ይችላል። ሻንጣሽ ውስጥ በሶና ቆሎ ይኑር። እናቶቻችን ያለ ስንቅ ሰው አይሸኙም ነበር። ኬረላ አካባቢ ከሆንሽ እኅት ቤተ ክርስቲያናችን ማላንካራ ኦርቶዶክስ አለች፤ እነሱም የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፣ ቀኑ ከእኛ ጥቂት ቢቀድምም።

የጾሙን ሰዓት በደረስሽበት ሀገር ፀሐይ ቁጠሪ። ህንድ ከእኛ 2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዘሽ አትሟገቺ።

ስለ ጀርመኑ ግን እኔ በጽሑፍ ቀኖና አልሰጥሽም፤ የነፍስ አባትሽ ሥራ ነው። ያደረግሽውን ሳታሳምሪ ንገሪያቸው። የህንዱን የሥራ ሰዓትሽንም አብረሽ አሳውቂያቸው፣ እስከ ስንት ሰዓት ሳትበዪ እንደምትቆዪ ይወስኑልሻል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባልና ከዚያ በፊት ሂጂ።