ደንበኛዬ የመላኪያ ክፍያውን ከፍ ቢያደርግም ትራንዛክሽኑን መተካት አልቻለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጂፕ ሰፈር ነው የምኖረው። ውጭ አገር ላለ ቡና ቆይ ድርጅት የማሸጊያ ዲዛይን ሠርቼ በቢትኮይን ተከፈለኝ። ገንዘቡ ዋሌቴ ላይ ይታያል፤ ግን አልጸደቀም። እኔም ቸኩዬ ከሌሎች ትንንሽ ክፍያዎቼ ጋር ጠቅልዬ ወደ ሌላ አድራሻዬ ላክሁት። አሁን ደንበኛዬ «የመላኪያ ክፍያውን በባይት ከ2 ወደ 6 ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ አሃድ) ከፍ አድርጌ ልተካው ብል አይበቃም ይለኛል» ይላል። ሊያጭበረብረኝ ነው? ገንዘቤስ ይጠፋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላክህልኝ ስክሪንሾት እንደማየው ደንበኛህ እውነቱን ነው። መንገዱን የዘጋበት ያንተ ጥቅል ነው። ደግነቱ፣ መክፈቻውም አንተው እጅ ላይ ነው።

ያልጸደቀ ትራንዛክሽን ኖድ በሚባሉት የመረቡ ኮምፒውተሮች መጠባበቂያ (ሜምፑል) ውስጥ ተራ ይጠብቃል። ትራንዛክሽኖችን የሚያጸድቁት ማይነሮች ሲመርጡ የተላከውን ገንዘብ ብዛት አያዩም፤ ለያዘው ቦታ ስንት እንደሚከፍል ነው የሚያዩት። ከጅማ አዲስ አበባ የሚጭን አይሱዙም በኩንታል እንጂ በቡናው ደረጃ አያስከፍልም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የደንበኛህ ትራንዛክሽን 141 ቨርቹዋል ባይት (የሚይዘው ቦታ መለኪያ፤ ባጭሩ ባይት እንበለው) ነው። በባይት 2 ሳቶሺ ሲሰላ 282 ሳቶሺ ከፍሏል። ወደ 6 ሲያደርሰው 846 ይሆናል። ለብቻው ቢሆን ኖሮ ያለ ችግር ያልፍ ነበር። ያንተ ጥቅል ግን 20 ግብዓት (የጠቀለልሃቸው ክፍያዎች) ስላለው 1,400 ባይት ገደማ ይመዝናል፤ በባይት 1 ሳቶሺ፣ 1,400 ሳቶሺ ከፍለህበታል። ጥቅልህ የቆመው በእሱ ክፍያ ላይ ነው። የእሱ ሲነሳ ያንተም አብሮ ይወድቃል። ኖዶች ደግሞ አዲሱ ትራንዛክሽን ከሚያስወጣቸው ሁሉ ድምር በላይ እንዲከፍል፣ በዚያ ላይ ለራሱ መተላለፊያ በባይት 1 ሳቶሺ እንዲጨምር ይጠይቃሉ። (ኖዶች የሚሠሩበት ፕሮግራም የቢትኮይን ኮር አዳዲስ ሥሪቶች ይህን ጭማሪ ዝቅ አድርገውታል። ለጥንቃቄ ግን በ1 እናስላው።) እንግዲህ 282 ሲደመር 1,400 ሲደመር 141፣ 1,823 ሳቶሺ ነው። 846 የት፣ 1,823 የት!

ደንቡ ጨካኝ ይመስላል፤ እኔ ግን እደግፈዋለሁ። ባይኖር ኖሮ አንድ ተንኮለኛ በ1 ሳቶሺ ጭማሪ ትራንዛክሽኑን ደጋግሞ እየቀያየረ የዓለምን ኖድ ሁሉ በከንቱ ያስሮጥ ነበር። ያንን ዳታ የሚሸከሙት ደግሞ ኖዳቸውን በራሳቸው ኢንተርኔትና መብራት የሚያሠሩ ሰዎች ናቸው። ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነው። አንተ ሳታውቅ ያደረግኸውን ሆን ብሎ የሚያደርገው አለ፤ ባለሙያዎቹ ፒኒንግ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ቢትኮይን ኮር 28 ኖዶች መቀበል የጀመሩት ቨርዥን 3 የተባለው የትራንዛክሽን ዓይነት፣ ያልጸደቀውን ገንዘብ ተከትሎ ከኋላ የሚለጠፈው ትራንዛክሽን («ልጅ») ከ1,000 ባይት እንዳይበልጥ የሚገድበው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ይኸውልህ። የራስህን ጥቅል አንተው ተካው። የደንበኛህን ክፍያ ብቻ ወደ አንድ አድራሻህ የሚልክ አዲስ ትራንዛክሽን ሥራ፤ 110 ባይት ገደማ ይሆናል። ቢያንስ 1,510 ሳቶሺ ክፈልበት፦ የድሮው 1,400 እና ለመተላለፊያው 110። ማይነሮች ወላጁን (የደንበኛህን) እና ልጁን (ያንተን) አንድ ላይ ስለሚያዩ፣ ለ251 ባይት 1,792 ሳቶሺ ያገኛሉ። በባይት ከ7 ሳቶሺ በላይ ማለት ነው። ደንበኛህ ካሰበው 6 ይበልጣል፤ እሱም ምንም መንካት የለበትም። የምትከፍለውን ግብዓት መምረጥ የሚፈቅድ ዋሌት ግን ያስፈልግሃል። 1,510 ሳቶሺው ካንተ ኪስ ስለሚወጣ፣ ደንበኛህ እንዲያካፍልህ ብትጠይቀው አያስነውርም። የመላኪያ ክፍያውን ዝቅ ያደረገው እሱ ነው።

ገንዘቡ አይጠፋም። ኖዶች እንደ ተለመደው ቅንብራቸው 14 ቀን ይጠብቁና ከሜምፑላቸው ያስወጡታል፤ ያኔ ገንዘቡ በላኪው እጅ እንዳለ ይቆያል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ላኪ ያልጸደቀ ክፍያውን ወደ ራሱ በሚመልስ ትራንዛክሽንም ሊተካው ይችላል። ከኮር 28 ወዲህ ኖዶች በነባሪ ቅንብራቸው ማንኛውንም ያልጸደቀ ትራንዛክሽን ለመተካት ይፈቅዳሉ፤ ላኪው «ይተካል» ብሎ ቀድሞ ምልክት ማድረግ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ዋሌትህ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» እያለ ዋናውን የዲዛይን ፋይል አታስረክብ። ቢያንስ አንድ ማጽደቂያ ይግባ። እባክህ፣ ይህን ለጓደኞችህም ንገራቸው። በአገራችን ሕጋዊ መገበያያው ብር ብቻ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ቢቀርብህ የምትከስበት በር ጠባብ ነው።

የቀሩት 19 ትንንሽ ክፍያዎችህ አዲሱ ትራንዛክሽን እንደተላለፈ ነጻ ይሆናሉ። መረቡ ቀለል ሲል፣ ሁሉም የጸደቁ መሆናቸውን አይተህ ለብቻቸው ጠቅልላቸው።