ያ አግዳሚ ወንበር አልጋ ነው፤ እንዳትጥዪው

ሰላም እህቴ። አየርላንድ፣ ሜዮ አውራጃ ውስጥ የተከራየሽው የድሮ የገበሬ ቤት ኩሽና ውስጥ አንድ ሰው የማይገፋው፣ ከሥሩ ድፍን ሣጥን የሆነ አግዳሚ ወንበር አገኘሁ ብለሻል። አከራይሽም «ካልፈለግሽው ጣይው» ብላሻለች። በአንድ ኩሽናና በሁለት ክፍል ያ ሁሉ ልጅ የት ይተኛ እንደነበርም ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ አየርላንድ የድሮ የእንጨት ዕቃ ጥገና ስለምሠራ ከእነዚህ ወንበሮች ጋር ብዙ ታግያለሁ።

ወንበሩ ራሱ አልጋ ነው። ሴትል ቤድ ይሉታል። መቀመጫው ዳርና ዳር ላይ ትንሽ የብረት መንጠቆ ፈልጊ፤ ቀለም ደፍኖት ሊሆን ይችላል። እሱን ስታላቅቂው መቀመጫው ከነፊት ሳንቃው ወደ ፊት ይወርድና መሬት ላይ ክፍት ሣጥን ይሆናል። ማጠፊያው ታች ነው፣ ድንገት ይወርዳል፤ ሰው ይያዝልሽ፣ እግርሽንም አርቂ። የገለባ ፍራሽ ይነጠፍበትና ልጆች፣ ሠራተኛ ወይም የመሸበት እንግዳ ይተኛበት ነበር። ጎኑ ከፍ ስለሚል ሕፃን አይወድቅም። ጠዋት አንሶላው ከነፍራሹ እዚያው ይታጠፍና የሰው መቀመጫ ይሆናል።

አዛውንቶቹ ግን ሞቅ ያለው ቦታ የነሱ ነበር። በሰሜንና በምዕራብ አየርላንድ እሳቱ አጠገብ የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ ገፋ ተደርጎ ይሠራና አልጋ ይገባበት ነበር፤ ፊቱ መጋረጃ ወይም የእንጨት በር ነበረው። እስቲ ወደ ጓሮ ዞረሽ ግድግዳው ምድጃው አካባቢ ወጣ ብሎ እንደሆነ እዪ።

ይኼም ደህና ኑሮ ለነበራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የሕዝብ ቆጠራ ከ10 ቤት 4ቱ ገደማ ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ጎጆ ነበር። እዚያ ሁሉም መሬት ላይ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይተኛ ነበር። ትልቋ ሴት ልጅ ከበሩ ራቅ ብላ ግድግዳው ሥር፣ ከዚያ እህቶቿ፣ እናት፣ አባት፣ ወንዶቹ ልጆች፣ መጨረሻ በሩ ጋ እንግዳው። ቅደም ተከተሉ ታስቦበታል!

እንጨት ብርቅ ነበር። ደኑ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለተጨፈጨፈ ከረግረግ ውስጥ ሺህ ዓመታት የተቀበረ የኦክና የፓይን ግንድ እየቆፈሩ ያወጡ ነበር። የፓይኑን እንጨት ሰንጥቀው ገመድ ይፈትሉና ልክ እንደኛ ጠፍር አልጋው ላይ ይወጥሩታል። እንዲህ የተለፋበትን ዕቃ ጣይው ማለት ምን ይባላል?

ቀለሙን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቂው። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው መርዝ ነው። ትንንሽ ቀዳዳ ካየሽ ሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፊ፤ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ አሁንም በሕይወት አለ ማለት ነው። ተርሎው ፓርክ፣ ካስልባር አጠገብ ያለው የገጠር ኑሮ ሙዚየም ስለዚህ ኑሮ ብዙ የሚያሳይሽ አለው። ለማንኛውም የማጠፊያውን ፎቶ ለጥፊልኝና ሳትከፍቺው በፊት ልየው።